መንደራችን የወረዳ ማዕከል ልትሆን ነው ይላሉ፤ ምን እንጠብቅ?

የእንሰት ጥላ
ሰላም ለሁላችሁ። ደቡብ ውስጥ የአንድ ደጋ ወረዳ ልጅ ነኝ። ወሬው ገና ስላልጠራ ስሙን ልተወው። ያደግኩባት መንደር እስካሁን የአንድ ገጠር ቀበሌ ማዕከል ናት። ያላት ብዙ አይደለም። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የገበሬ ማሰልጠኛ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ በሳምንት አንዴ የሚቆም ገበያ። በቃ።

አሁን ወረዳው ለሁለት ይከፈላል፣ የአዲሱ ወረዳ ማዕከል እናንተ ናችሁ የሚል ወሬ መጣና ሰፈሩ ጮቤ እየረገጠ ነው። ከተማ ያለነው የአካባቢው ልጆች መዋጮ ተጠይቀናል። መንገድ ዳር ቦታ ያለው ሰው አጥሩን ወደ ፊት እየገፋ ነው። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ደስ ይበለኝ ወይስ ልስጋ አላውቅም። የአባቴ መሬት ከቀበሌው ቢሮ ጀርባ ነው።

በደንብ የምታውቁት ንገሩኝ። መንደር የወረዳ ማዕከል ሲሆን በተግባር ምን ይመጣል?

ባለ ባጃጁ
መጀመሪያ ባጃጅ ይመጣል። ቀጥሎ ስብሰባ።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም
ልጄ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ወረዳ ፋይናንስ ውስጥ ነው። ስለ በጀቱ ልንገርህ፤ ሰው ሁሉ ስለ ሕንፃው ነውና የሚያወራው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስህ። በንጉሡ ጊዜ አስተዳደሩ ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ፣ ምክትል ወረዳ እያለ ነበር የሚወርደው። ከዚያ በታች ገበሬው መንግሥትን የሚያገኘው በጭቃ ሹሙና በአጥቢያ ዳኛው በኩል ነው። ቢሮ የሚባል ነገር የለም፤ ቢሮው የሰውየው ቤት ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የገበሬ ማኅበር መጣ። አንድ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር መሬት እንዲይዝ ታሰበ። ማኅበር ካለ መሰብሰቢያ ያስፈልጋል፣ መጋዘን ያስፈልጋል፣ ማኅተም ያስፈልጋል። ዛሬ የቀበሌ ማዕከል የምንላቸው ብዙ መንደሮች ቦታቸውን ያገኙት እንዲህ ነው። ማንም ካርታ ዘርግቶ፣ ርቀት ለክቶ አልመረጣቸውም። ገበያው አጠገብ የቆመ አንድ ቆርቆሮ ቤት ነበር፣ እሱ ቢሮ ሆነ፣ ሌላው በዙሪያው ተለጠፈ።

ወረዳ የሚለው ነገር ክብደት ያገኘው ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ያኔ በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ጥቅል በጀት በቀጥታ ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። ወረዳው ራሱ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ራሱ ለዘርፎቹ ያከፋፍላል። ከዚያ በኋላ ወረዳ መሆን ማለት የራስ ኪስ ማለት ሆነ። ሁሉም ወረዳ ልሁን ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው፣ አልፈርድበትም።

ግን ልብ በል። ጥቅል በጀቱ የሚከፋፈለው በቀመር ነው፤ በቀመሩ ውስጥ ትልቁ ነገር የሕዝብ ብዛት ነው። ወረዳው ሁለት ስለሆነ ሕዝቡ ሁለት እጥፍ አይሆንም። አስተዳዳሪው ግን ሁለት ይሆናል። ምክር ቤቱ፣ ካቢኔው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊሱ፣ የግብርናው፣ የጤናው፣ የትምህርቱ፣ የውኃው ጽሕፈት ቤት ሁሉ ሁለት ሁለት ይሆናል። ድሮም ከወረዳ በጀት አብዛኛውን የሚበላው ደመወዝ ነው። ሥራ ማስኬጃ የምንለው፣ ማለትም ነዳጁ፣ ወረቀቱ፣ ውሎ አበሉ፣ የጥገናው ብር፣ ከደመወዝ የተረፈው ነው። ወረዳው ለሁለት ሲከፈል መጀመሪያ የሚቀጥነው እሱ ነው። ባለሙያ አለ፣ ሞተር ሳይክልም አለ፣ ቤንዚን ግን የለም። የእንስሳት ሐኪሙ ቢሮ ተቀምጦ ከብቱ ቀበሌ ላይ ይሞታል።

የእንሰት ጥላ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። ታዲያ ምንም አይጠቅምም ነው የሚሉኝ?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም
አላልኩም። ክልሉ ለመቋቋሚያ ተጨማሪ ይሰጣል ወይስ ያለውን ብቻ ነው የሚከፍለው ብላችሁ ጠይቁ ነው የምለው። የሰፈር ልጆች መዋጮ ለቢሮ ግንባታ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ መዋጮ ለወንበር ነው።

ኬላዋ
እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ፤ ገጠር ቀበሌ ነው የምሠራው። ጋሽ ሒሳብ ሹም ያሉት ልክ ነው፣ ግን ከላይ ያዩት ነው። ከታች የሚታየው ትንሽ ይለያል።

የቀበሌ ማዕከል መሆን በራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ ሁለት ሴት ባለሙያ ለ5,000 ሰው ገደማ ተብሎ ነው የተሠራው። የልማት ሠራተኞቹም በቀበሌ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሰብል፣ አንዱ እንስሳት፣ አንዱ ተፈጥሮ ሀብት። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገበውም ቀበሌ ላይ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ሌላው በ30 ቀን። መዝጋቢው የክብር መዝገብ ሹም ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ብዙ ቦታ ያው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነው። ማዕከሉ አጠገብ ያለች እናት ልጇን በሳምንቱ ታስመዘግባለች። ሁለት ሸንተረር ማዶ ያለችው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው ወረቀቱ ትዝ የሚላት። ርቀት ማለት ይሄ ነው።

ወረዳ ሲሆን ምን ይጨመራል? ሰው ወዲያው ሆስፒታል ይመስለዋል። ጤና ጣቢያ ገጠር ላይ ለ25,000 ሰው ገደማ ታስቦ ነው የሚቆመው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ ነው። የወረዳ ታፔላ ስለተሰቀለ ሆስፒታል አይመጣም። ጤና ጣቢያው ግን እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ማዕከሉ ላይ ነው የሚቆመው።

አንድ ማንም የማያወራው ጥቅም ልጨምር። ባንክ። ቅርንጫፍ በሌለበት ወር መጨረሻ ላይ መምህሩም፣ እኛም፣ የልማት ሠራተኛውም ደመወዝ ለማውጣት ከተማ እንሄዳለን። ሐሙስ ሄዶ ሰኞ የሚመለስ አለ። በእነዚያ ቀናት ትምህርት ቤቱም ኬላውም ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ማዕከል ሲሆን ባንክ ይከተላል፤ ባንክ ሲመጣ ያ ይቀራል። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ በዓመት ስታስቡት ግን ትንሽ አይደለም።

ከባሕር ማዶ
ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ክፍፍል የሹመት ማብዣ ነው። አንድ ወረዳ አስተዳዳሪ አላረካን ስላለ ሁለት ይሁን ይባላል። መንደርን ከተማ ብሎ መጥራት ከተማ አያደርጋትም!

ሜዳ ወጪ
ስታቲስቲክስ ግን ያደርጋታል፣ ሃሃ። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ ላይ የክልል፣ የዞንና የወረዳ ማዕከላት በሙሉ፣ የነዋሪ ቁጥራቸው ምንም ይሁን ምን፣ ከተማ ተብለው ነው የተቆጠሩት። ሌላ ቦታ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሌለው ቢያንስ 1,000 ሰው ኖሮት አብዛኛው ከግብርና ውጪ የሚሠራ መሆን ነበረበት። ማዕከል ከሆንክ ግን ጓሮህ ገብስ ቢሆንም የከተማ ነዋሪ ነህ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተካሄደ ዛሬም ድረስ በዚያ መሠረት እየተተነበየ ነው።

ሹመት ማብዣ ነው ለሚለው፣ በከፊል እስማማለሁ። ግን ሁሉንም አንድ ላይ አትጨፍልቀው። የስልጤ ዞን ማዕከል ወራቤን እይ። ስልጤ በ1993 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ዞን ሲሆን ትንሽ ቦታ ነበረች። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። ያሳደጋት ግን የዞንነት ደብዳቤው ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ ላይ ነች። አፋርን ደግሞ ተመልከት። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደ ሰመራ የሄደው ለምን ይመስልሃል? ሰመራ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነች። አሳይታ ታሪክ ነበራት፣ ሱልጣኔት ነበራት፣ ዋናው መንገድ ግን በአጠገቧ አያልፍም።

የእንሰት ጥላ፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። መንደራችሁ ክረምት ከበጋ መኪና ይገባታል?

የእንሰት ጥላ
በዩራፕ፣ ማለትም ገጠር ቀበሌዎችን ከመንገድ በሚያገናኘው የመንግሥት ፕሮግራም የተሠራ መንገድ አለን። ጠጠር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይሱዙ ይገባል ብለው ይምላሉ፣ እኔ ግን ሁለቴ ወርጄ በእግሬ ነው የገባሁት።

ሜዳ ወጪ
እንግዲያው ሠራተኛው መንደራችሁ አያድርም። የኪራይ ቤት የለም፣ ውኃው አንድ ቦኖ ነው፣ መብራቱ ቀን መጥቶ ማታ ይጠፋል። ቤተሰቡን አሮጌው ወረዳ ከተማ ትቶ ሰኞ ከሰዓት ይመጣል፣ አርብ ጠዋት ይሄዳል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የየት ወረዳ እንደሆነ አልናገርም። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ብቻ የሚሠራ መንግሥት ነበር። ሰው ስለ ሕንፃ ሲጨቃጨቅ እኔ የምለው መጀመሪያ ውኃና የኪራይ ቤት ነው። ደመወዙ መንደሩ ውስጥ ካልተበላ የወረዳ ማዕከልነት ለነጋዴውም ለጠላ ሻጯም ምንም አያተርፍም።

የማዶ ሰው
እናንተ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ማዕከሉ ነው። እኔ ከዳር ቀበሌ ነኝ። እኛ አካባቢ ወረዳ ሲከፈል ቀበሌያችን ወደ አዲሱ ሄደች። በካርታ ቀረበልን። ድሮ ግን ገበያ በሚወርድ መኪና ተሳፍረን ወረዳ ገብተን ጉዳያችንን ጨርሰን በዚያው መኪና እንመለስ ነበር። ወደ አዲሱ ማዕከል የሚሄድ መኪና የለም፤ ገደል አቋርጦ በእግር ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲኖረው ዋዜማውን ሄዶ ዘመድ ቤት ያድራል። በማግስቱ ዳኛው ስብሰባ ላይ ነው ይባላል። ቀጠሮው ይለወጣል።

የእንሰት ጥላ፣ ስለ መንደርህ ደስ ይበልህ። ግን ወደ እናንተ የሚጠቃለሉት ቀበሌዎች በየት በኩል እንደሚመጡ የጠየቀ ሰው አለ?

የእንሰት ጥላ
እውነቱን ለመናገር የለም። በየመዋጮው ስብሰባ የሚወራው ስለ እኛ መንደር ብቻ ነው።

ከባሕር ማዶ
ይኸው! የእሱ አባት ደጃፍ ላይ ቢሮ ስለመጣ የማዶው አባት ሜዳ ላይ ያድራል።

ኬላዋ
ወንድሜ፣ አሁን አሽሙሩ ምን ይጠቅማል? የማዶ ሰው ያለው መፍትሔ አለው። አንዳንድ ቦታ ተዘዋዋሪ ችሎት ይደረጋል፤ ዳኛው በተወሰነ ቀን ወደ ቀበሌ ይወርዳል። የገበያ ቀን ቢሆን ደግሞ ሰው ለሁለት ጉዳይ አንድ ጊዜ ይወጣል። እኔ ክትባት የምሰጠው በገበያ ቀን ነው፤ እናቶች እንደሆነ ለጨው መምጣታቸው አይቀርም።

ድሮ አውራጃ ነበርን
ስሜን አይታችሁ ገብቷችኋል። ያደግኩባት ከተማ በንጉሡም በደርግም የአውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አዲሱ አወቃቀር ሲመጣ አውራጃ የሚባለው እርከን ቀረ። ወረዳ ሆነን ቀጠልን። ዞኑ ሌላ ቦታ ተተከለ። ፍርድ ቤቱ አነሰ፣ ፖሊሱ አነሰ፣ የአውራጃው ግቢ ግማሹ መጋዘን ሆነ። ሰው ሁሉ ከተማዋ አለቀላት አለ።

አላለቀችም። ለምን? ቅዳሜ ገበያችን የትም አልሄደም። ከብት ነጋዴው፣ ቅቤ ነጋዴው፣ ሸማኔው ዞኑ የት እንደተቀመጠ ጉዳዩም አልነበረም። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብላ ያለች ሌላ መንደር ግን ምክትል ወረዳ ነበረች፣ ገበያ አልነበራትም። ቢሮው ሲነሳ ሻይ ቤቷም ተነሳች። ዛሬ ባዶ የድንጋይ ቤትና ሦስት ባሕር ዛፍ ነው ያለው።

ስለዚህ የእንሰት ጥላ፣ ገበያችሁን አትንኩት። የወረዳ ሕንፃ ይሠራ ብለው የገበያ ሜዳውን እንዳይሰጡ። ሜዳው ባዶ ስለሚመስል መጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በየክፍፍሉ አይቼዋለሁ።

ሜዳ ወጪ
ይህን መቶ ጊዜ ወድጄዋለሁ።

በነገራችን ላይ ማዕከል የት ይሁን የሚለው ጠብ በክልል ደረጃም ቀላል አልሆነም። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለታርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፈለው። በ2015 የመጣው ደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም ቢሮዎቹን ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ጂንካና ካራት ላይ በትኗል። ማንም እንዳያኮርፍ ነው። ለባለጉዳዩ ግን አንዱን ፊርማ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ፍለጋ መንከራተት ነው። ወረዳ ደረጃ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ማን ያግኘው የሚለው መቆረጥ አለበት። ለዚህ ነው መንደር ከመንደር የሚቀያየመው።

ቀያሹ
ዘግይቼ ገባሁ። ማንም ያልነካው የአባትህ መሬት ነው፤ ስለ እሱ ልጻፍ።

መንደር የወረዳ ማዕከል ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው ማዘጋጃ ቤት ነው። መጀመሪያ ታዳጊ ከተማ ይባላል። ፕላን ይሠራለታል። ፕላኑ ሲሠራ የከተማ ክልል የሚባል መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ ውስጥ ያለው የእርሻ መሬት ዛሬውኑ አይነሳም፣ ግን ወረፋ ውስጥ ገብቷል። ከቀበሌ ቢሮ ጀርባ ያለ መሬት ደግሞ ወረፋው ላይ አንደኛ ነው። እዚያ ነው ፍርድ ቤቱም ፖሊስ ጣቢያውም የሚተከለው።

አባትህ የገጠር ይዞታ ባለመብት ናቸው። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ከተወሰደ ካሳ አላቸው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው ለሚነሳ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው የዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ ከፍ ብሏል፤ ስሌቱም ባለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ገቢ የተገኘበትን ዓመት ይይዛል። ይህ ለሰብሉና መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ከሚከፈለው በተጨማሪ ነው። ልማቱን በፕላኑ መሠረት ራሱ ማልማት ለሚችል ባለይዞታም ቅድሚያ የሚሰጥ አንቀጽ አለው። ሕጉ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ካሳውን የሚከፍለው ማን ነው? ገና የተቋቋመ፣ ጋሽ ሒሳብ ሹም እንዳሉት ለቤንዚን እንኳ የሌለው ወረዳ። ስለዚህ ምን ይደረጋል መሰላችሁ? ገበሬው “ለልማት ሰጥቻለሁ” ብሎ እንዲፈርም ይለመናል። በሽማግሌ። በቡና ላይ። ልጆቹ ከተማ ስላሉ፣ ስሙም በስብሰባ ስለሚመሰገን፣ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ካሳ የሚባል ነገር የለም።

አጥር የሚገፉትን ደግሞ ንገራቸው። መንገድ ዳር የተገፋ አጥር ልኬት ሲመጣ ይመለሳል። አንዳንዶቹ ቶሎ ብለው ጭቃ ቤት ይሠሩና በጓዳ ውል ይሸጣሉ። ገዢው ሰነድ አያገኝም፣ ሻጩ መሬቱን አጥቷል፣ ሁለቱም ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይገናኛሉ። በእኔ እይታ በእንዲህ ዓይነት መንደር ከማንም በላይ የሚያተርፈው ደላላው ነው።

ባለ ባጃጁ
ደላላውን የሚያመላልሰውስ?

ቀያሹ
አንተም አለህበት።

የእንሰት ጥላ
የፈረምኩት ነገር የለም ብሎኛል አባቴ፣ አሁን ደውዬ ነው። ግን ሽማግሌዎች አንድ ቀን መጥተው ስለ “ፍርድ ቤት ቦታ” አንስተው ነበር አለ። ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። እንዴት እንደምነግረው አላውቅም። እምቢ ቢል መንደሩን የጎዳ ይመስለዋል።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም
እምቢ አይበል። “በካሳ እሰጣለሁ፣ በጽሑፍ አምጡልኝ” ይበል። ሽማግሌ ፊት ይህን ማለት ነውር የለውም። በቃል ያመጡትን በቃል ይሸኛቸው።

ቀያሹ
ትክክል ነው ጋሼ። አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። የይዞታ ደብተር አላቸው? ካላቸው የእናትህ ስም አለበት?

የእንሰት ጥላ
አለ። የሁለቱም ስም ነው፣ ፎቶም አለው። ልኬቱ ግን ያኔ በገመድ ነው የተደረገው። አዋሳኙ “በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ ወንዝ” ነው የሚለው።

ቀያሹ
ጥሩ፣ የእናትህ ስም ካለ ያለ እሷ ፊርማ አይሆንም። የገመዱ ልኬት ግን አይበቃም። ካርታ ያለው ሁለተኛው ደረጃ ልኬት ለቀበሌያችሁ ደርሷል ወይ ብለው አሁን ያለው ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ወረዳው ከመከፈሉ በፊት ይሁን። የመዝገቡን ቅጂ ማኅተም አስደርገው ቤት ያስቀምጡ። ወረዳ ሲከፈል ፋይል በካርቶን ታስሮ በአይሱዙ ነው የሚጓጓዘው፣ ከሁሉ በፊት የሚጠፋውም የመሬት ፋይል ነው።

የማዶ ሰው
የእኛ ጠፍቷል። አባቴ ቀጠሮ የሚመላለሰው በዚያ ነው።

የእንሰት ጥላ
ቅዳሜ እወርዳለሁ። የማዶ ሰው፣ የወረዳው ሰዎች ስብሰባ ከጠሩ የዳር ቀበሌዎችን ነገር አነሳለሁ። በየት በኩል እንደሚመጡ ዝርዝሩን እኔ ራሴ ጽፌ ነው የምሄደው።